ግማሽ ሲደመር ሲሶ፦ የሪሚዲያል ተማሪዎቼን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የሒሳብ መምህርት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሪሚዲያል (በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ያልሞላላቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ማካካሻ ትምህርት) ሒሳብ ተሰጠኝ። የሶሻል ተማሪዎች ናቸው፣ በአንድ ሴክሽን 62። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ማክሰኞ ኢኩዌሽን ልጀምር ስል፣ ለመንደርደሪያ ይሁነኝ ብዬ 1/2 + 1/3 ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ አልመሰለኝም። ከፊት ረድፍ የሚቀመጥ፣ አንድም ቀን ቀርቶ የማያውቅ ልጅ እጁን አወጣ። ወጥቶ ጠመኔውን ተቀበለኝና በሚያምር ጽሕፈት 2/5 ብሎ ጻፈ። "ትክክል ነው የምትሉ?" ስል ከክፍሉ የሚበዛው እጁን አወጣ። ያላወጡትም መልሱን ስላወቁ አልነበረም። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትንሽ ቆየሁ፤ ፊቴ ላይ ያለውን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው።

የዚያኑ ቀን ደብተር ሰበሰብኩ። የአንዷ ልጅ ደብተር እንዴት እንደሚያምር! ርእሱ በቀይ፣ የቀረው በሰማያዊ፣ ሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ። ከእኔ በፊት የገባው መምህር ግን ሰሌዳው ጥግ ላይ "አይጥፋ" ብሎ ከቦ የተወው ነገር ነበር። እሱንም ከነክቡ ገልብጣዋለች። ይቺ ልጅ ሳትታክት ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ከምትጽፈው ውስጥ የትኛው ለእሷ እንደሆነ የነገራት ሰው ግን የለም።

የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ያለን አራት ወር ገደማ ነው። ከመቶው 30ው ከእኛ፣ 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል፤ 50 ያልሞላለት ወደ አንደኛ ዓመት አያልፍም። የዲፓርትመንት ኃላፊው "ፖርሽን እንዳይጓደል" ይለኛል። እሱም ከላይ ስለሚጠየቅ አልፈርድበትም። ሞጁሉን ይዤ ብሮጥ የማስተምረው ሰሌዳውን ነው። ወደ 5ኛ ክፍል ብመለስ ደግሞ ፈተናው ይቀድመኛል። ችግሩ ክፍልፋይ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር፤ አንድ አንቀጽ ጥያቄ አንብበው ምን እንደተጠየቁ መናገር ያቅታቸዋል፣ ኖት መያዝ አያውቁም፣ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አይወጣቸውም።

ሰነፎች ናቸው የሚለኝ ባልደረባ አለ። አልቀበለውም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይብረሪ ገብቼ አይቻቸዋለሁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቸክላሉ። የሚቸክሉት ግን የወርክሺት መልስ ነው፤ "17 ሲ፣ 18 ኤ" እያሉ።

ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ጠመኔ

እህቴ፣ 2/5 ያለውን ልጅ "እንዴት አገኘኸው?" ብለሽ ጠይቀሽዋል? ካልጠየቅሽው ነገ ጠይቂው።

በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሳሳተ መልስ ሳይ ዳስተር አንስቼ አጠፋና ትክክለኛውን እጽፍ ነበር። አሁን ሳስበው ያጠፋሁት የልጁን ሐሳብ ነው። ያንቺ ተማሪ ዝም ብሎ አልገመተም፣ ሕግ አለው፦ ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ። ይህ ሕግ ማባዛት ላይ ይሠራል። ታዲያ ማባዛት ላይ ሁልጊዜ "ጎበዝ" እየተባለ የኖረ ልጅ መደመር ላይ ለምን ይተወዋል? ትክክለኛውን ዘዴ ከላይ ብትጭኚበት ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል። ፈተና ላይ ሲጨንቀው የሚመዘው የድሮውን ነው። የድሮው ለምን እንደማያዋጣ በራሱ ዓይን ማየት አለበት።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርሽ። ከገበሬ ቤት የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ልክ ያንቺው ልጅ የጻፈውን ጽፎ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። "አባትህ መሬት በእኩል ያርሳሉ?" አልኩት። "አንዱን በእኩል፣ አንዱን በሲሶ" አለኝ። "ሲሶ ስንት ነው?" "ከሦስት አንድ እጅ ነዋ።" "እሺ፣ ሁለቱ ማሳዎች እኩል እህል አስገቡ እንበል። ከአንዱ እኩሌታው፣ ከሌላው ሲሶው ለባለመሬቱ ሄደ። የሄደው ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን ከአንድ ማሳ እኩሌታ ይበልጣል ያንሳል?" "ይበልጣል እንጂ!" አለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄም ገርሞታል። "2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል?"

ዝም አለ። ግራ እጁን ዘረጋና ከአምስት ጣቶቹ ሁለቱን አጠፈ፣ የቀሩትን ሦስቱን አየ። ከዚያ ዳስተር አልጠበቀም፣ በእጅጌው ጠረገው። "ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ አነሰብኝ?" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ያችን ጥያቄ አንዴ ካነሳ በኋላ ታህቱን ለምን ማመሳሰል እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አሥር ደቂቃ አልወሰደብኝም። ሁለቱንም ከስድስት ቆራረጥናቸው፦ 3/6 እና 2/6፣ በድምሩ 5/6። ልጁ አንድ ሦስተኛን አያውቅም ነበር፤ ሲሶን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከተሰበረበት ጀምሪ ነው የምልሽ። የተሰበረበትን ለማወቅ ደግሞ መፈለግ ያስፈልጋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ከ4ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ጥያቄ አወጣለሁ፤ 18 ጥያቄ፣ አንድ ገጽ። ሰሌዳ ላይ በትልቁ "ነጥብ የለውም" ብዬ እጽፋለሁ። ካልኩሌተር የለም፣ ምርጫም የለም፤ ምርጫ ካለው የምታርሚው ግምት ነው። ሳርም ስንት እንዳገኙ አልቆጥርም። ሥራው መጀመሪያ የተበላሸበትን ጥያቄ እፈልግና ወረቀቱን በዚያ ክምር ላይ አደርገዋለሁ። 62 ልጅ ሲሆኑ 62 ዓይነት ችግር ያለ ይመስላል። ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ግን ክምሩ የሚያብጠው ዘወትር ሦስት ቦታ ነው፦ ክፍልፋይ፣ የማይነስ ምልክት፣ በቁጥር ቦታ ፊደል ሲገባ። ሦስት ነገር ደግሞ በአራት ወር ይቃናል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። "ወደ 5ኛ ክፍል እንመለሳለን" ብለሽ አታውጂባቸው። እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ውድቀት በዜና በመቶኛ የሰሙ ናቸው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የእናት ጓደኛ ሁሉ "ስንት አመጣህ?" ብሎ ጠይቋቸዋል። የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘሽ ስትገቢ የሚሰሙት እሱን ነው፣ ጆሯቸውም እዚያው ላይ ይዘጋል። ክፍልፋዩን ኢኩዌሽኑ ውስጥ አስገቢው። "የአንድ ቁጥር ግማሹና ሲሶው ሲደመሩ 10 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?" በያቸው። ርእሱ የሞጁሉ ነው፣ ኃላፊሽም የሚቆጣበት ነገር የለም፤ ለመፍታት ግን ክፍልፋይ መደመር ግድ ይላል። 12 ሲመጣላቸው ግማሹ 6፣ ሲሶው 4 ብለው ራሳቸው ያረጋግጡታል። አንቺ "ትክክል ነው" እስክትያቸው የማይጠብቁባት የመጀመሪያዋ ጥያቄ እሷ ትሆናለች።

ቋንቋው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንድ ዓመት "አት ሊስት 5" የሚል ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ከ5 የሚያንስ የሚለውን ምልክት አደረጉ። እርማቱን አቁሜ ጠየቅኋቸው። "ቲቸር፣ ሊስት ትንሽ ማለት አይደል?" አሉኝ። ሒሳቡን አልሳቱም፤ "ከ5 ብር የማያንስ ይዘህ ና" የተባለ ልጅ 3 ብር ይዞ አይመጣም። ከዚያ ወዲህ ደብተራቸው ጀርባ ላይ የቃል ገጽ አስከፍታለሁ፦ አት ሊስት፣ አት ሞስት፣ ኤክሲድ፣ ፐር፣ ሪስፔክቲቭሊ፣ ኮንሴኪዩቲቭ። ትርጉሙን አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይጽፉታል። ክፍሌ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ አለ። እኔ ሁሉንም አላውቅም፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። እንደየክልሉ እስከ 6ኛም እስከ 8ኛም በአፍ መፍቻቸው ተምረው 9ኛ ሲደርሱ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ሆነባቸው። ብዙዎቹ መንገድ የሳቱት እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው።

"አይጥፋ" ብላ የገለበጠችውን ልጅ ሳስብ ሆዴ ተላወሰ። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ደብተር ሲታረም ነጥብ ይሰጥ የነበረው ለተሟላና ለንጹሕ ነው፤ ገብቶሻል ወይ ተብላ የተጠየቀችበት ቀን ይኖር ይሆን? እኔ "እስክሪብቶ አስቀምጡ" እልና አሥር ደቂቃ ያህል ያለ ጽሕፈት አስተምራለሁ። ከዚያ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጌ አጠፋውና "አሁን የቀረላችሁን ጻፉ" እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጠው የሚቀሩ አሉ፣ አንዷ አልቅሳብኛለች። ቀጥሎ ከጎናቸው ካለው ጋር ያስተያያሉ፤ የጎደለውን ከጓደኛ ይሞላሉ፣ ከሁለቱም የጎደለውን እኔን ይጠይቁኛል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰሌዳውን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል። ልትገባ ስትል በሯ ላይ ቆማ "ዛሬም ያጠፉታል?" ያለችኝ ልጅ አለች።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ያልገባቸውን ነገር ያለ ስም ጽፈው ያስቀምጣሉ፣ በፈለጉት ቋንቋ። ጥያቄ አይጠይቁም ብለሻል። ይጠይቃሉ፤ 61 ሰው እያያቸው አይጠይቁም እንጂ።

መላሽ፦ ከሪሚዲያል የወጣሁ

መምህርት፣ እኔ ራሴ የሪሚዲያል ተማሪ ነበርኩ። አሁን አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከተማሪ ወገን ያለውን ልንገርዎት ብዬ ነው።

እኔ አንደኛ ደረጃን የተማርኩት በሀዲይኛ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ አስተማሪያችን ዓመቱ ሳይጋመስ ሄደ፣ የሚተካው ሰው አልመጣም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውጭ ፀሐይ እንሞቅ ነበር። የዚያ ዓመት ሰርተፊኬቴ ላይ ግን የሒሳብ ውጤት አለ። ሪሚዲያል ስገባ ያላየሁትን ነገር እንዳየሁ እየተቆጠረ ነው የቀጠለው። "ይህንን 10ኛ ክፍል ታውቁታላችሁ" ሲባል አንገቴን እደፋለሁ። እባክዎን ያችን ዐረፍተ ነገር አይበሏት።

ቱቶሪያል ነበረን፤ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን አስተማሪው በፍጥነት ይፈታል፣ እኛ እንገለብጣለን። ከክፍሉ በምንም አይለይም። የረዳችኝ ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ የምትተኛዋ ጓደኛዬ ናት። የወርክሺት መልስ ሰብስቤ ስሸመድድ አየችኝና ወረቀቱን ቀምታ "17ኛው ለምን ሲ ሆነ?" አለችኝ። አላወቅሁም። "እንግዲያው አልያዝሽውም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አንዳችን ለሌላችን እንደ አስተማሪ ቆመን እናስረዳለን፣ የቁም ሣጥኑ በር ሰሌዳችን ነበር። ስናገረው የሚጠፋብኝ ቦታ ላይ ያልገባኝን አገኘዋለሁ። ቢቻል ተማሪዎቹን ዶርም በዶርም ወይም በሦስት በሦስት ቢያጣምሯቸው መልካም ነው። ስድስትና ሰባት ሲሆኑ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ሌላ ደግሞ፣ የአንድ አስተማሪዬ ነገር አይረሳኝም። ኩዊዝ ሲመልስልን ነጥብ አልጻፈበትም፤ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ ከቦ "ከዚህ ጀምረሽ ድጋሚ ሥሪ" ብሎ ሰጠኝ። ነጥብ ቢኖረው ነጥቡን አይቼ እቀደው ነበር። ያ ወረቀት አሁንም አለኝ።

መላሽ፦ ከሜሪላንድ

እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስጠናለሁ። ከጠመኔ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም።

እዚህም ለረጅም ጊዜ ተማሪው መግቢያ ፈተና ይወስድና "ገና ነህ" ይባላል፤ ክሬዲት የሌለው (ለዲግሪው የማይቆጠር) ሒሳብ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሴሚስተር ይማራል። ብዙው ዋናው ኮርስ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኤቢ 705 የሚባል ሕግ አወጣች፤ ኮሌጆች ተማሪውን የማለፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ካልሆነ በቀር ሪሚዲያል ውስጥ እንዳያቆዩት የሚያዝ ነው። ሐሳቡ ዋናውን ኮርስ ወዲያውኑ ይጀምር፣ የጎደለውን ግን በዚያው ሴሚስተር ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶት ጎን ለጎን ይሙላ ነው። ሌሎች ግዛቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለሱን ባትለምዱት እላለሁ። ዋናውን ትምህርት ይዛችሁ፣ ሰዓት ጨምሩላቸው።

ሌላው የእኛ ልጆች ነገር ነው። ከሀገር ቤት መጥተው እዚህ የሚማሩ ልጆች አሉን። አስጠኚ ክፍሉ ነፃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ እነሱ ግን ዝር አይሉም። አንዱን "ለምን አትመጣም?" ስለው "ጋሼ፣ እዚያ የሚሄዱት የማይችሉት አይደሉም እንዴ?" አለኝ። እርዳታ መጠየቅን እንደ ውርደት ይዞ የመጣ ልጅ የትም ሀገር ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ጥያቄ መጠየቅን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል አድርጋችሁ አስተምሩልን።

መላሽ፦ ጠመኔ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ የእኛ ግን በር ነው። ሪሚዲያሉን ያላለፈ አንደኛ ዓመት ስለማይገባ ጎን ለጎን ለማስኬድ ዋናው ኮርስ አጠገቡ የለም። ክፍልፋዩን ኢኩዌሽኑ ውስጥ አስገቢው ያልኳትም ያንተኑ ሐሳብ ባለን ቦታ ውስጥ ለመሥራት ነው።

የምስማማህ ከበሩ ወዲያ ባለው ነው። ከ2012 ጀምሮ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት የጋራ) ኮርሶች ተመልሰዋል። 51 አምጥቶ ያለፈ ልጅ መጀመሪያ የሚጠብቀው ሒሳብ በፕሮፖዚሽናል ሎጂክ (ዐረፍተ ነገሮች እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑበትን በምልክት በሚመረምር ትምህርት) ይከፈታል፣ በንጹሕ እንግሊዝኛ። ባለፈ ማግስት ግን ድጋፉ ይቆማል፣ "አልፈሃል" ይባላል። 49 ያመጣው ልጅና 51 ያመጣው ልጅ በአንድ ክረምት የተለዩ ይመስል! እዚያ ላይ ነው ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል አላቸው፤ ለሒሳብም አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳና ሁለት ሲኒየር ተማሪ ማን ከለከለ?

ጠያቂ፦ የሒሳብ መምህርት
(ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

18ቱን ጥያቄ ሰጠሁ። ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ደርድሬ እስከ እኩለ ሌሊት አረምኩ። ጋሽ ጠመኔ፣ ክምሩ እንዳሉት ነው፤ የእኔ ግን ከክፍልፋዩ ይልቅ ማይነሱ ላይ አብጧል። የ9ኛ ክፍሉን ጥያቄ በትክክል ጀምረው የማይነስ ምልክት ሲያሻግሩ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። እስካሁን "አልጀብራ አይችሉም" እያልኩ ሳስባቸው የነበሩ ልጆች ናቸው።

ከፊት የሚቀመጠውን ልጅ "እንዴት አገኘኸው?" አልኩት። ልክ እንዳሉት ነገረኝ፣ ላዕሉን ከላዕሉ። የከተማ ልጅ ስለሆነ እኩልና ሲሶ አያውቅም፤ እናቱ ግን እንጀራ ይሸጣሉ። ግማሽ እንጀራና አንድ ሦስተኛ እንጀራ አሣልኩት። ለመግባባት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፣ የቀረው ክፍል በዝምታ ነበር የሚከታተለው። ግማሹና ሲሶው 10 የሚሆነውን ጥያቄ በማግሥቱ ራሱ ወጥቶ ፈታው፣ ማረጋገጫውንም ጻፈ።

ሁሉም ነገር ተሳክቷል አልልም። ሰሌዳውን ሳጠፋ አራት ልጆች ተቆጥተው ለዲፓርትመንት አመልክተውብኛል፣ "ኖት አትሰጥም" ብለው። ኃላፊው ጠራኝ። የ18ቱን ጥያቄ ወረቀቶች ከነክምራቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየና "እስከ ሚድ ሞክሪው" አለኝ። ከፖርሽኑ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ነኝ። ሦስት ሦስት አድርጌ ያጣመርኳቸው ከግማሽ በላይ ይገናኛሉ፤ የቀሩት ገና ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት ከቁራጭ ወረቀቶቹ መሃል አንዱ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈ፣ ሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። ስም የለውም፤ ማን እንደጻፈችው ግን አውቄያለሁ። "ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ለምን ፕላስ ይሆናል? ሁሉም ሕጉ ነው ይሉኛል" ይላል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል አለኝ። "ሕጉ ነው" ብዬ መመለስ አልፈልግም። እናንተ እንዴት ታስረዳላችሁ?

መላሽ፦ ጠመኔ

ይህን ሰሌዳው ላይ ወደ ታች ጻፊው፦

3 × (−2) = −6
2 × (−2) = −4
1 × (−2) = −2
0 × (−2) = 0

መልሱ ከመስመር ወደ መስመር በስንት እየጨመረ እንደሚሄድ ጠይቂያቸው። ከዚያ ከሥሩ (−1) × (−2) = ብለሽ ባዶውን ተዪውና ጠመኔውን ለእሷ ስጫት።